ለየደንበኛው አንድ ፑል? በሴፍ ማከማቻ ላይ የደንበኞች ዳታ የሚለየው እንዴት ነው

ብሮድኮም፣ አንዱን ሰርቨር ለብዙ ቨርቹዋል ማሽኖች (በሶፍትዌር ለተፈጠሩ ኮምፒውተሮች) የሚያካፍለውን የቪኤምዌርን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ገዝቶ ካጠቃለለ ወዲህ ሰርቨር የሚያከራዩ ድርጅቶች ሥራ ተናግቷል። አንዴ ተገዝቶ ለዘለቄታው የሚያገለግለው የሶፍትዌር ፈቃድ ቀርቶ በየጊዜው የሚታደስ ክፍያ ሲተካ፣ ዋጋው የከበዳቸው ብዙዎች ፊታቸውን ተመሳሳይ ሥራ ወደሚሠሩት ወደ ፕሮክስሞክስና ወደ ኦፕንስታክ አዙረዋል። በሁለቱም ሥር ብዙ ጊዜ ዳታውን የሚሸከመው ሴፍ የተባለው ማከማቻ ነው። ሴፍ ዳታን በአንድ ውድ ሣጥን ውስጥ ከማጠራቀም ይልቅ በብዙ ተራ ሰርቨሮች ላይ በተሰኩ ዲስኮች ሁሉ ላይ ይበትናል። ሴጅ ዋይል በሳንታ ክሩዝ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ምርምሩ የጀመረው ሥራ ሲሆን፣ ዛሬ የአውሮፓን የኑክሌር ምርምር ድርጅት ሰርንን የመሰሉ ግዙፍ የምርምር ተቋማት ሳይቀሩ ይጠቀሙበታል።

ይህን ሽግግር የሚያቅዱ ባለሙያዎች ገና ከጅምሩ የሚከራከሩበት ጉዳይ አለ። ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ ፑል (በሴፍ ውስጥ በስም የተለየ የዳታ ማስቀመጫ) ይከፈትለት ወይስ ሁሉም በአንድ ላይ ይቀመጥ? ለአብዛኛው ሰው ቶሎ የሚመጣለት መልስ «ለየብቻ ይሁን» የሚለው ነው። በኢትዮጵያም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ የሌሎችን ዳታ የሚያስተናግድ ድርጅት «ዳታዬ ከሌላው ጋር ተቀላቅሏል ወይ?» ለሚል ደንበኛ የሚያሳምን ምላሽ ሊኖረው ይገባል። «የራስዎ ፑል አለዎት» የሚለው ምላሽ ለጆሮ ጥሩ ነው። ነገር ግን በሴፍ ላይ ይህ ምላሽ ደንበኛው ያሰበውን ጥበቃ አብዛኛውን ጊዜ አይሰጠውም፤ ለአከራዩ ደግሞ ቆይቶ የሚመጣ ዕዳ ያስከትላል።

ልማዱ ከየት መጣ

በቀድሞው አሠራር ማከማቻው አንድ ትልቅ መሣሪያ ነበር። አስተዳዳሪው ከዚያ መሣሪያ ላይ ሉን የሚባል ድርሻ ይቆርጣል፣ በቪኤምዌር በኩል ዳታስቶር ያደርገዋል፣ የደንበኛውንም ስም ይለጥፍበታል። አሥር ቴራባይት የተቆረጠለት ደንበኛ ከአሥር ማለፍ አይችልም። ውል ሲያልቅ ድርሻው ይሰረዛል፣ ቦታው ይመለሳል። ለሒሳብ፣ ለኦዲትና ለሥራ ክፍፍል የተመቸ ስለነበር ልማዱ ሥር ሰደደ።

የፕሮክስሞክስ የማስተዳደሪያ ገጽ ደግሞ ፑል መክፈትን በጥቂት ጠቅታ የሚያልቅ ሥራ አድርጎታል። ስም ይጻፋል፣ ሦስት ቅጂ የሚለው ቀድሞ ተሞልቶ ይጠብቃል፣ አዝራሩ ይጫናል። ዳታስቶር መቁረጥ የለመደ እጅ ፑልንም እንደዚያው ይቆርጣል። ችግሩ ሁለቱ ነገሮች በስም እንጂ በሥራ የማይገናኙ መሆናቸው ነው።

ፑል በውስጡ ምንድን ነው

በሴፍ ፑል ማለት የዲስክ ክፋይ አይደለም። ፑል ደንብ ነው። ዳታው ስንት ቅጂ ይኑረው፣ ቅጂዎቹ በምን ዓይነት ዲስክ ላይ ይረፉ፣ አንድ ሰርቨር ወይም አንድ የሰርቨር መደርደሪያ ቢጠፋ ዳታው እንዲተርፍ እንዴት ይራራቁ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። የተለመደው ደንብ ሦስት ቅጂ በሦስት የተለያዩ ሰርቨሮች ላይ ነው። ሌላው ምርጫ ኢሬዠር ኮዲንግ ይባላል፤ ዳታውን ለምሳሌ በ4 ከፍሎ 2 የማካካሻ ክፍሎች ይጨምርበታል፣ ከስድስቱ ማናቸውም ሁለቱ ቢጠፉ ቀሪዎቹ አራቱ ሙሉውን መልሰው ያወጡታል። ቦታ ይቆጥባል፣ በትንሽ በትንሹ ለሚጻፍ ዳታ ግን ይከብዳል።

ፑል ሲፈጠር ወደ ብዙ ጎራዎች ይከፋፈላል። እነዚህ ፕሌስመንት ግሩፕ፣ ባጭሩ ፒጂ ይባላሉ። ወደ ፑሉ የሚገባ እያንዳንዱ የዳታ ቁራጭ በስሙ ስሌት አንዱ ፒጂ ውስጥ ይወድቃል፤ ክራሽ የተባለው ቀመር ደግሞ ፒጂው የትኞቹ ሦስት ዲስኮች ላይ እንደሚቀመጥ ይወስናል። አንድ ዲስክ የሚያስተዳድረው የሴፍ ፕሮግራም ኦኤስዲ ይባላል። ኦኤስዲው የተሸከመው እያንዳንዱ ፒጂ የለውጥ መዝገብ አለው፣ ከሰርቨሩ ሜሞሪ (ራም) ቦታ ይይዛል፣ ቅጂዎቹን ከያዙት ሌሎች ኦኤስዲዎች ጋርም ያለማቋረጥ ይመካከራል። ስለዚህ ፒጂ ነጻ አይደለም፤ ባዶ ቢሆንም ዋጋ አለው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጠመዘዘው። ፒጂዎች የፑል ንብረት ናቸው፣ ዲስኮቹ ግን የሁሉም ናቸው። ፑል በተጨመረ ቁጥር ዲስክ አይጨመርም፤ በነበሩት ዲስኮች ትከሻ ላይ አዲስ ፒጂ ይጫናል እንጂ።

ስሌቱ ሲሠራ

አሥር ሰርቨር፣ በእያንዳንዱ ስድስት ዲስክ፣ በድምሩ 60 ኦኤስዲ ያለው ክላስተር (አብረው የሚሠሩ ሰርቨሮች ስብስብ) እንውሰድ። ለመካከለኛ አከራይ የሚመጥን መጠን ነው። ለረጅም ጊዜ የቆየው ምክር በአንድ ኦኤስዲ ላይ 100 ያህል ፒጂ እንዲኖር ነው። 60 በ100 ተባዝቶ በሦስት ቅጂ ሲካፈል 2000 ይሆናል፤ ቁጥሩ ሁለት በራሱ እየተባዛ የሚገኝ እንዲሆን 2048 ይወሰዳል። ሁሉም ደንበኞች በአንድ ፑል ቢቀመጡ እያንዳንዱ ኦኤስዲ 102 ያህል ፒጂ ይይዛል ማለት ነው። ጤናማ ነው።

አሁን ለ200 ደንበኞች 200 ፑል እንክፈት፤ ለእያንዳንዱም 32 ፒጂ ብቻ እንስጥ። 6400 ፒጂ ሆነ። በሦስት ቅጂ 19,200፣ ለ60 ሲካፈል በአንድ ኦኤስዲ 320 ይመጣል። ለዓመታት የቆየው የሴፍ ነባሪ (ሰው ካልቀየረው በራሱ የሚሠራ) ወሰን ግን 250 ነው። ስለዚህ አከራዩ 157ኛውን ፑል ሊከፍት ሲሞክር ሴፍ የሚፈቀደው ጠቅላላ 15,000 መሆኑን አስልቶ ጥያቄውን ይመልሰዋል። በፕሮክስሞክስ ገጽ ላይ ቀድሞ የሚሞላውን 128 ፒጂ ሳይነኩ ለሚከፍቱ ደግሞ መንገዱ ከ39 ፑል በኋላ ይዘጋል። ሌላ ደንበኛ ውል ፈርሞ፣ ቅድሚያ ከፍሎ እየጠበቀ ሳለ ዲስኩ ግማሽ ባዶ ሆኖ «አይቻልም» የሚል ምላሽ ማየት የሚያስደነግጥ ነው።

ወሰኑን በትእዛዝ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ብዙዎችም ይህን ያደርጋሉ። መዘዙ የሚታየው በሰላሙ ቀን አይደለም። አንድ ሰርቨር ድንገት ሲጠፋ በእሱ ላይ የነበሩት ፒጂዎች ሁሉ «ከእኛ ማን ቀረ፣ የመጨረሻውን ጽሑፍ ማን ያዘ» ብለው እንደገና ይመካከራሉ። ፒጂው ተመካክሮ እስኪጨርስ በውስጡ ያለውን ዳታ የሚፈልግ ቨርቹዋል ማሽን ቆሞ ይጠብቃል። ፒጂ በበዛ ቁጥር ምክክሩ ይበዛል፣ ሜሞሪው ይጨናነቃል፣ ማገገሙም ይዘገያል።

ፒጂን በራሱ የሚያስተካክለው አውቶስኬለር እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው ናውቲለስ እትም ጀምሮ አለ፤ በብዙዎች ዘንድም መፍትሔ ተደርጎ ይታያል። ይሁን እንጂ ለአንድ ፑል የተለየ ዝቅተኛ መጠን ካልተነገረው በቀር ከ32 በታች አያወርድም፤ የ200 ፑሎችን ችግር እሱ አይፈታውም። ፒጂውን በእጅ ወደ 16 ማውረድ ቁጥሩን ያድናል፣ በአንድ ኦኤስዲ 160 ብቻ ይሆናል፤ ሌላ ችግር ግን ይወልዳል። 16 ፒጂ በሦስት ቅጂ 48 ቅጂ ነው። ስለዚህ ደንበኛው ቢበዛ የሚደርሰው 48 ዲስክ ላይ ነው፣ ከ60ዎቹ ቢያንስ 12ቱ ለእሱ አይሠሩም። ይህ ደንበኛ 16 ቴራባይት ቢያስቀምጥ እያንዳንዱ ፒጂ አንድ ቴራባይት የሚመዝን ድፍን ጓል ይሆናል። ሁለት ጓል የደረሰው ዲስክ ይሞላል፣ ያልደረሰው ባዶውን ይቀመጣል። የሴፍ ማመጣጠኛ የሚያስተካክለው በዋናነት የፒጂዎችን ቁጥር ነው፤ የአንዱ ደንበኛ ፒጂ አንድ ቴራባይት፣ የሌላው ጥቂት ሜጋባይት ሲሆን የቁጥር እኩልነት የክብደት እኩልነትን አያመጣም። የክላስተሩን ዕጣ የሚወስነው ደግሞ እጅግ የሞላው ዲስክ ነው፤ አንዱ 95 ከመቶ ሲደርስ አዲስ ዳታ መጻፍ ይቆማል።

ፑል የማይለያቸው ነገሮች

በተለየ ደንብ ወደ ሌላ ዲስክ ካልተመራ በስተቀር፣ የአንዱ ደንበኛ ፑል ከሌላው ጋር በአንድ ዲስክ፣ በአንድ ፕሮሰሰር፣ በአንድ የኔትወርክ ገመድ ይሠራል። አንዱ ሌሊት ሌሊት የከባድ ዳታቤዝ ባክአፕ ሲያወጣ የሌላው ማሽን ይንቀራፈፋል፤ የፑሎቹ ስም መለያየት ይህን አያስቀረውም። እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው ኩዊንሲ እትም ወዲህ ነባሪ የሆነው ኤምክሎክ የተባለው የተራ አስያዥም የሚያመጣጥነው በደንበኞች ሥራና በማገገሚያ ሥራ መካከል እንጂ በደንበኛና በደንበኛ መካከል አይደለም። ፍጥነትን መገደብ የሚቻለው ከዚያ በላይ፣ በቨርቹዋል ማሽኑ ወይም በዲስክ ምስሉ (ማሽኑ እንደ ራሱ ዲስክ በሚያየው ዳታ) ደረጃ ነው።

ስለ ባዶ ቦታም ተመሳሳይ ስህተት ይፈጸማል። ሴፍ በእያንዳንዱ ፑል አጠገብ የቀረውን ነጻ ቦታ ያሳያል። ያ ቁጥር ግን የሁሉም የጋራ ነጻ ቦታ ነው፤ ወንድማማቾች አንዱን ጎተራ እያዩ እያንዳንዱ «ይህን ያህል እህል አለኝ» እንደማለት ነው። በአምስት ፑል ላይ የሚታየውን ደምሮ ለሽያጭ ክፍል ያቀረበ ሰው የሌለ ቦታ ሸጧል።

ለየደንበኛው ፑል የሚሉት ያላቸው እውነት

የተቃራኒው ወገን ክርክር ቀላል አይደለም። ከክርክሮቹ ሁሉ ጠንካራው የጉዳት ስፋት ነው። አንድ የቨርቹዋል ማሽን ዲስክ በሴፍ ላይ 4 ሜጋባይት 4 ሜጋባይት እየሆነ ይቆረጣል። የአንድ ቴራባይት ምስል 262,144 ቁራጭ ይወጣዋል። 2048 ፒጂ ባለው የጋራ ፑል ላይ ሲበተን በእያንዳንዱ ፒጂ ውስጥ 128 ያህል ቁራጭ ያርፋል። እንግዲህ አንድ ፒጂ፣ አንድ ብቻ፣ ሦስቱም ቅጂዎቹ ቢጠፉ የሁሉም ደንበኛ ዲስክ ይበሳሳል። ፑሉ የየራሳቸው ቢሆን ኖሮ የሚጎዳው የፒጂው ባለቤት ብቻ ነበር። ይህ እውነት ነው፤ ችላ የሚባልም አይደለም።

ሚዛኑ ላይ ግን ሌላ ስሌት መጨመር አለበት። በአሥሩ ሰርቨሮች ላይ ከሦስት የተለያዩ ሰርቨሮች አንድ አንድ ዲስክ የሚመረጥባቸው 25,920 ጥምረቶች አሉ። 2048 ፒጂ ከእነዚህ ውስጥ 8 ከመቶ ያህሉን ይይዛል፤ 6400 ፒጂ ከ20 ከመቶ በላይ። ሦስት ዲስኮች ሳይጠገኑ አብረው ቢሞቱ የሆነ ሰው ዳታ የመጥፋቱ ዕድል በብዙ ፑሎች ዘመን በሦስት እጥፍ ገደማ ያድጋል። አንደኛው መንገድ አልፎ አልፎ ሁሉንም ይጎዳል፣ ሌላው ደጋግሞ ጥቂቶችን ይጎዳል። የትኛው ይሻላል የሚለው በአከራዩ ውልና በባክአፑ ጥራት ይወሰናል። መካከለኛ መንገድም አለ፤ ደንበኞችን 512 ፒጂ ባላቸው አራት ፑሎች መደልደል የፒጂውን ጠቅላላ ቁጥር ሳይጨምር አንድ ፒጂ ሲጠፋ የሚጎዳውን ሰው ወደ ሩብ ያወርደዋል። ለእኔ ይህ ከሁለቱ ጽንፎች የተሻለ ነው።

ሌላው ክርክር ሒሳብ ነው። ፑል የራሱ ኮታ አለው፤ ምን ያህል እንደተጠቀመም በአንድ ትእዛዝ ይታያል። ደንበኛ ሲለቅ ፑሉን መሰረዝ ሁሉንም ምስሎች አንድ ባንድ ከመፈለግ ይቀላል። አደጋው ግን ከዚሁ ምቾት አጠገብ ነው። ሴፍ ፑል መሰረዝን በነባሪ የሚከለክለው፣ ሲፈቀድም የፑሉን ስም ሁለት ጊዜ የሚያስጽፈው በከንቱ አይደለም፤ በየወሩ ፑል የሚሰርዝ ድርጅት ይህን መከላከያ ሁልጊዜ ክፍት እያደረገ ይለምዳል።

ኔምስፔስ፣ ቁልፍና ምስጠራ

የደንበኞችን ወሰን ለመጠበቅ የተሠራው መሣሪያ ኔምስፔስ ነው። በአንድ ፑል ውስጥ ያለ፣ የራሱ የስም ዝርዝር ያለው ክልል ማለት ነው። ለዲስክ ምስሎች ከናውቲለስ ጀምሮ ይሠራል፤ ፕሮክስሞክስም ማከማቻ ሲመዘገብ ኔምስፔሱን መጻፊያ ቦታ አለው። ኔምስፔስ ፒጂ አይጨምርም፤ ሁለት መቶም ሁለት ሺህም ቢሆን የኦኤስዲዎቹ ሸክም ያው ነው።

ጥበቃውን የሚሰጠው ግን ከኔምስፔሱ ጋር የሚሰጠው ቁልፍ ነው። ሴፍ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ መለያ ቁልፍ ያወጣል፤ በቁልፉ ላይ «በዚህ ፑል፣ በዚህ ኔምስፔስ ብቻ» የሚል ፈቃድ ይጻፋል። ፈቃዱን የሚያረጋግጡት ኦኤስዲዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ የአንዱ ቁልፍ የሌላውን ቁራጭ አይከፍትም። ለየደንበኛው ፑል ከፍተው ሁሉንም በአንድ የአስተዳዳሪ ቁልፍ የሚያገናኙ ቤቶች አሉ። በእነዚህ ቤቶች ቁልፉ ያመለጠ ዕለት ሁለት መቶው ፑል እንደ አንድ ፑል ነው።

ኦፕንስታክ በተለመደው አተካከሉ ለብዙ ሺህ ተጠቃሚዎች የሚጠቀመው ጥቂት ፑል ነው፤ አንድ ለማሽን ምስሎች፣ አንድ ለተጨማሪ ዲስኮች፣ አንድ ለማሽኖቹ፣ አንድ ለባክአፕ። ኮታ የሚያዘው ከማከማቻው በላይ ባለው ንብርብር ነው፣ ደንበኛው ምን ያህል ዲስክ እንዳዘዘ ተቆጥሮ። ለፋይልና ለቪዲዮ በሚያገለግለው የሴፍ ኦብጀክት ማከማቻም ኮታ ለየተጠቃሚውና ለየባልዲው (የተጠቃሚው ፋይሎች መያዣ) ይሰጣል እንጂ ፑል አይከፈትም።

የኔምስፔስ ደካማ ጎን አለ። የራሱ ኮታ የለውም፤ ምን ያህል ቦታ እንደያዘም እንደ ፑል በአንድ እይታ አይታይም፣ ምስል በምስል ተለክቶ ነው የሚደመረው። ክፍያን በታዘዘው መጠን ሳይሆን በተጠቀሙት ልክ ማስላት የሚፈልግ አከራይ ይህን የሚሠራ ፕሮግራም ማዘጋጀት አለበት። ትንሽ ሥራ አይደለም፤ አንዴ ግን ይሠራል።

ደንበኛ ዳታው እንዲሰረዝለት የመጠየቅ መብቱን በተመለከተ ፑል መሰረዝም ሆነ ምስል መሰረዝ በዲስኩ ላይ ያለውን ዳታ ወዲያው አይፍቀውም፤ ቦታውን ለሌላ ጽሑፍ ይለቃል። አስተማማኙ መንገድ ምስጠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው ፓሲፊክ እትም ጀምሮ እያንዳንዱን ምስል በየራሱ ቁልፍ ማመስጠር ይቻላል። ቁልፉ ሲጠፋ ዳታው የትም ዲስክ ላይ ቢቀር አይነበብም። አዋጁን ጠቅሶ ለሚጠይቅ ደንበኛ ከ«የራስዎ ፑል አለዎት» ይልቅ «የራስዎ ቁልፍ አለዎት» የሚለው የበለጠ እውነት የያዘ ነው።

ለብቻው ፑል የሚገባው ደንበኛ

ደንቡ የሚለይ ከሆነ ፑሉም ይለያል። አንድ ባንክ ዳታው በፈጣን ኤንቪኤምኢ ዲስክ ላይ ብቻ እንዲቀመጥ ቢፈልግ፣ አንድ የቪዲዮ ድርጅት ማኅደሩን በርካሽ ዲስክ ላይ በኢሬዠር ኮዲንግ ማስቀመጥ ቢመርጥ፣ እነዚህ የተለያዩ ፑሎች ናቸው፤ የሚለያቸው ግን የደንበኛው ስም ሳይሆን የዳታው ጠባይ ነው። ሌላ ባንክ ተመሳሳይ ነገር ሲጠይቅ ወደዚያው ፈጣን ፑል፣ በሌላ ኔምስፔስ ይገባል። በዚህ አስተሳሰብ ሲታቀድ የአብዛኛው አከራይ ፑል ከአሥር አያልፍም።

የክላስተሩን ሩብ ወይም ሲሶ የሚይዝ ትልቅ ደንበኛም የራሱ ፑል ቢኖረው ስሌቱ አይቃወስም፤ ፒጂው ብዙ ስለሚሆን ዳታው በደንብ ይበተናል። የተለዩ ሰርቨሮች ገዝቶ የሚከፍል ደንበኛ ደግሞ በክራሽ ደንብ ወደ እነዚያ ሰርቨሮች ብቻ የሚመራ ፑል ሊሠራለት ይችላል። ያኔ በዲስክ መለየቱ እውነት ይሆናል። ሆኖም የክላስተሩን ካርታ የሚይዙት ሞኒተሮች የጋራ ናቸው፣ ኔትወርኩም እንደዚሁ። ውሉ ወይም ሕጉ ፍጹም መለየትን የሚጠይቅ ከሆነ ሊታሰብበት የሚገባው የተለየ ክላስተር ነው፤ ወጪውም በዋጋው ውስጥ በግልጽ መግባት አለበት።

ፑሎቹ አስቀድመው ለተከፈቱበት ቤት

መቶ ፑል ከፍተው ወሰኑ ላይ ለደረሱም መንገዱ አልተዘጋም። ከናውቲለስ በፊት ፒጂ መጨመር እንጂ መቀነስ አይቻልም ነበር፤ አሁን ይቻላል፣ ሴፍ ጎራዎቹን ቀስ በቀስ ያዋህዳቸዋል። መጀመሪያ መነካት ያለባቸው ባዶዎቹና ትንንሾቹ ናቸው፤ በጥቂት ዳታ ላይ ስለሚሠራ የኦኤስዲዎቹ እፎይታ ቶሎ ይታያል።

ቀጥሎ ምስሎቹን ወደ ጋራው ፑል ማዛወር ነው። የሴፍ የምስል ማዛወሪያ ሥራ ሦስት እርምጃ አለው፤ ማዘጋጀት፣ መቅዳትና ማጽናት። በማዘጋጀቱ ጊዜ ምስሉን የሚጠቀመው ማሽን መዘጋት አለበት፤ ከዚያ ከአዲሱ ቦታ ተነሥቶ ሥራውን ሲቀጥል ቅጂው ከጀርባ ይካሄዳል። ለደንበኛው የሚቋረጠው አጥፍቶ የማብራት ያህል ነው። ማሽኑ ከዲስኩ ጋር የሚገናኘው በሊኑክስ ከርነል ሾፌር በኩል ከሆነ ግን ይህ መንገድ አይሠራም፤ በሌላ መንገድ ሙሉ ቅጂ መወሰድ አለበት። ከማጽናቱ በፊት ዝውውሩን ሰርዞ ወደ ነበረበት መመለስ ይቻላል፤ ከጸና በኋላ አይቻልም። ስለዚህ ለየደንበኛው አዲሱ ቁልፍ ወጥቶ፣ የሌላው ኔምስፔስ ውስጥ መግባት እንደማይችል በሙከራ ታይቶ፣ ባክአፑም ከአዲሱ ቦታ አንድ ጊዜ ተወስዶና ተመልሶ እስኪረጋገጥ ድረስ የመጨረሻው እርምጃ መቆየት አለበት። አሮጌው ፑል የሚሰረዘው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ባዶ ሆኖም እስከተቀመጠ ድረስ ፒጂዎቹ ይቆጠራሉ።